ለኢታንግ አንድ ካርቶን ኮሚክ

ኢታንግ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ የዛሬ ሁለት ዓመት ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ መጽሐፍ ላክልኝ። ግን ፊደሉን ተወውና ሥዕሉ የሚናገር ይሁን» አለኝ። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። መደርደሪያዬ ላይ ከተከማቹት ኮሚኮችና ግራፊክ ኖቬሎች ሃያ ያህሉን አወጣሁ፤ በካርቶን አሽጌ ጋምቤላ በሚሄድ አውቶቡስ ሰደድኩለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እየሳቀ ደወለ። ከላክኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ የጃፓን ማንጋ ነበሩ። ማንጋ ደግሞ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ እኛ የመጨረሻ ገጽ የምንለው የእነሱ መጀመሪያ ነው። ይህን ልነግረው ረስቻለሁ። ልጆቹም እንደ ደብተራቸው ከግራ ጀመሩት። «ታሪኩን በጣም ወደውታል» አለኝ። «የሞተው ይነሣል፤ የተጣሉት ይታረቃሉ።»

ከዚያ ወዲህ ለሰው ኮሚክ ከመምከሬ በፊት ቆም ብዬ አስባለሁ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መምረጥ ሌላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ማንበብ ሌላ። ይህ ዳሰሳ ያንን ካርቶን እንደገና ለመሙላት የተደረገ ሙከራ ነው። በእጃችን ካሉትና በቅርብ ዓመታት ከወጡት መካከል የትኞቹ ኢታንግ ቢደርሱ ይነበባሉ? የትኞቹስ ባሉበት ይቅሩ? (ግራፊክ ኖቬል የሚሉት በሥዕል የተተረከ ወጥ መጽሐፍ ነው። ከኮሚክ የሚለየው በውፍረቱና በዋጋው ነው ብል የሙያው ሰዎች ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ።)

አስቀድሜ አንባቢውን ላስተዋውቅ። ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ ባሮን ተከትለው ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ሲወርዱ የሚገኝ ልዩ ወረዳ ነው። አኙዋኩ፣ ኑዌሩና ኦፖው ይኖሩበታል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የደቡብ ሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ኩሌና ቲርኪዲ፣ ቀጥሎም ንጉኝዬል የተባሉት የስደተኛ ጣቢያዎች በዚሁ ወረዳ ተከፈቱ። እዚያ የሚያድግ ልጅ ቤት ውስጥ ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ይናገራል፤ ገበያ ሲወጣ አማርኛ ይሰማል፤ ትምህርቱ ከፍ እያለ ሲሄድ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ኑዌርኛውና አኙዋክኛው በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ አማርኛው በራሳችን ፊደል። ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ዓይነት ፊደል፣ አንድ ልጅ። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን 200 ገጽ ልብ ወለድ አንብቦ ሳይጨርስ ቢያድግ በእሱ አይፈረድም።

ወዳጄ «ሥዕሉ የሚናገር» ያለው ለዚህ ነበር። እኔም ይህን ይዤ አንድ መለኪያ አበጀሁ። ንግግሩ የተጻፈበትን ፊኛ በቁራጭ ወረቀት እሸፍንና ታሪኩን በሥዕሉ ብቻ ለመከተል እሞክራለሁ። ከአሥር ገጽ በኋላም ማን ማንን እንደሚፈልግ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ከገባኝ መጽሐፉ ያልፋል። ከጠፋብኝ፣ የቱንም ያህል ሽልማት ቢደረደርለት፣ ለዚያ ክፍል አይሆንም። መለኪያው ጨካኝ ነው፤ የምወዳቸውን መጻሕፍት ሳይቀር ጥሎብኛል።

አልፎ አልፎ «ኮሚክ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለኛ ልጅ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ይገጥመኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ቸርችል ጎዳና ካሉት የባህል ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ አስገብቼ የንግሥተ ሳባን ሥዕል ማሳየት ነው የምወደው። በአንድ ጨርቅ ላይ ብዙውን ጊዜ 44 ትንንሽ ክፈፎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ በየክፈፉ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ታሪኩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በሚገበርለት እባብ ጀምሮ ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦቱን ይዞ አክሱም ሲገባ ያበቃል። መሀል ላይ ያለውን የግብዣ ሌሊት ልብ ብላችሁ እዩት። ቅመም የበዛበት ምግብ የበላችው ንግሥት በውሃ ጥም ተቃጥላ እጇን ወደ ውሃው ትዘረጋለች፤ ንጉሡ ተኝቶ ሳይሆን አድብቶ ያያታል። ጽሑፉን ባታነቡትም የሚሆነው ይገባችኋል። የእኔን የወረቀት ፈተና ሠዓሊዎቻችን ኮሚክ የሚለው ስም እዚህ ሳይሰማ አልፈውታል። የተአምረ ማርያም የብራና ሥዕሎችም፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያሉት የሰማዕታት ገድሎችም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ችግሩ ይህ ቅርስ የደጋው መሆኑ ነው። አክሱም ለኢታንግ ልጅ ሩቅ ናት፤ በሥዕሉ ውስጥ እሱን የሚመስል ሰው ፈልጎ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ለመምህሩ እንጂ ለልጁ አልላክሁም። መምህሩ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ «ታሪክ እንዲህም ይነገራል» ሊልበት ይችላል።

በኢትዮጵያ ምድር ላይ ከተሣሉ የውጭ ኮሚኮች ስመ ጥሩ የጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት ሥራ ነው። ፕራት በልጅነቱ፣ በወረራው ዘመን፣ ወታደር አባቱን ተከትሎ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮርቶ ማልቴዘ የተባለውን መርከበኛ ጀግናውን ወደ ቀንዱ አገር ላከው። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ጥላና ብርሃን አጠቃቀሙን አይቶ የማይቀና ሠዓሊ የለም። ዓይኑ ግን የእንግዳ ዓይን ነው። ካርቶኑ ውስጥ አልገባም።

ወደራሳችን ስንመጣ፣ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» አለ። የድርጅቱ መሥራች በሰራት ደበበ ነው። ሥራው በእንግሊዝኛም በአማርኛም ቀርቧል። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ልዩ ኃይል የሚያገኘውም በዚህ መሀል ነው። በዓመቱ «ሐዊ» ተከተለች፤ የሁለት አገር ልጅ የሆነች ወጣት ጀግና። ሁለቱንም ሳነብ መጀመሪያ ያስደሰተኝ ትንሽ ነገር ነበር፤ ፊኛው ውስጥ የራሴን ፊደል ማየት። ለአርባ ዓመት ያህል በሰው ቋንቋ ሲጮሁ የሰማኋቸው ጀግኖች በአማርኛ ሲናገሩ መስማት እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ያስቸግረኛል።

ደስታዬ ግን ዓይኔን አልጋረደኝም። የጀግኖቹ ጡንቻ፣ አለባበስና አቋቋም ከአሜሪካ ኮሚክ የተወረሰ ነው። ፊኛውን ስሸፍነው ድብድቡ ይገባኛል፤ ለምን እንደሚደባደቡ ግን ቃሉ ካልነገረኝ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ «ጀምበር» ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ደርሶ አማርኛ የሚያነብ ልጅ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ በአማርኛ በፍላጎቱ የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል። የአማኑኤል ችግር ደግሞ፣ ዲግሪ ይዞ ሥራ ማጣት፣ ጋምቤላም የታወቀ ነው።

ስለ ልዕለ ኃያል ጀግኖች ካነሣን፣ የናይጄሪያዊው ሮይ ኦኩፔ «ኢያኑ» ከቅርቦቹ ሁሉ ጠንካራዋ ናት። ከዮሩባ አፈ ታሪክ የተቀዳች ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በመጽሐፍ ወጣች፣ በ2025 ደግሞ በአኒሜሽን ተሠራች። አራዊቱም ጫካውም ከልጆቹ ዓይን አይርቅም። ገብታለች፤ ብዙ ማለት አያስፈልጋትም።

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄ ልምጣ። ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ ለሚኖር ልጅ ስለ ስደተኛ ጣቢያ የተጻፈ መጽሐፍ ይሰጠዋል? እኔ «አይሰጠውም» ባይ ነበርኩ። የሚኖርበትን ማሳየት ምን አደከመን፤ ይልቅ ሌላ ዓለም እናሳየው እል ነበር። አቋሜን ያስለወጠኝ ቪክቶሪያ ጄሚሰንና ኦማር ሞሐመድ አብረው የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ» ነው። ኦማር የራሱን ታሪክ ነው የሚተርከው። በልጅነቱ ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽቶ ታናሽ ወንድሙን ሐሰንን ይዞ ኬንያ፣ ዳዳብ ጣቢያ ገባ። ሐሰን የሚጥል በሽታ አለበት፤ ከአንዲት ቃል በቀር መናገር አይችልም። ቃሏም «ሆዮ» ናት፤ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ጥይት የሚተኮስበት ገጽ ጥቂት ነው። በብዛት ያለው መጠበቅ ነው። ውሃ ለመቅዳት ይጠበቃል፤ ራሽን ይጠበቃል፤ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ሰዎች ስም ሰሌዳ ላይ እስኪለጠፍ ይጠበቃል። ጄሚሰን የመጠበቅን ርዝመት በክፈፎቹ አደራደር ነው የምታሳየው፤ ያው ድንኳን፣ ያው አቧራ፣ ያው ወረፋ፣ የሚለወጠው የልጁ ቁመት ብቻ። ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ሲመጣ ኦማር ደስ አይለውም፤ «ሐሰንን ለማን ጥዬ?» ነው ጭንቀቱ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት አዝሎ ያደገ ልጅ ይህን ሊያብራሩለት አያስፈልግም።

ወዳጄ ይህን መጽሐፍ ክፍል ውስጥ እየገለጠ፣ እንግሊዝኛውን አንድ ተማሪ ወደ ኑዌርኛ እያዞረለት አስነበበው። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እነሱ ግን ተከራከሩ። «ቲቸር፣ የውሃ ወረፋ እንዲህ አይደለም» አለ አንዱ። «ጀሪካኑ ነው እንጂ ሰው አይሰለፍም። ሰው ጥላ ስር ይቀመጣል።» ሌላዋ ተነሥታ የኦማርን አሳዳጊ ፋጡማን «ይቺ አክስቴ ናት» አለች። ይህን ሲነግረኝ ነው የገባኝ። ልጁ የሚያውቀውን ሕይወት ታትሞ ሲያገኘው ሐያሲ ይሆናል፤ የማያውቀው ጋ ግን አዳማጭ ብቻ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ እኔ አንዱን ነፍጌያቸው ነበር።

በዚሁ መንገድ ላይ ያሉ ሌሎች መጻሕፍትን መዘንኩ። የጀርመናዊው ራይንሃርድ ክላይስት ሥራ ሶማሊያዊቷን ሯጭ ሳሚያ ዩሱፍ ኦማርን ይከተላል። በቤይጂንግ ኦሎምፒክ 200 ሜትር ሮጣለች፤ አሠልጣኝ ፍለጋ አዲስ አበባ መጥታለች፤ ከዚያ በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ አውሮፓ ልትሻገር ስትል እ.ኤ.አ. በ2012 ባሕር በላት። ጥቁርና ነጭ የሆነው ሥዕል ልብ ይሰብራል። ይህን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አልሰጥም። የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት፣ በተለይም «እሄዳለሁ» ማለት የጀመረ፣ ሳያነበው ባያልፍ ደስ ይለኛል። «ኢሊጋል» የተሰኘው የኦወን ኮልፈር፣ የአንድሩ ዶንኪንና የሥዕል ባለሙያው የጆቫኒ ሪጋኖ መጽሐፍም በሰሃራ አድርጎ ባሕር የሚሻገር ኤቦ የሚባል የጋና ልጅ ታሪክ ነው። ቀለሙ ደማቅ፣ አካሄዱ ፈጣን ነው፤ የወረቀት ፈተናውን ሳይቸገር አልፏል።

ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን ግን አስቀርቻለሁ፤ ምክንያቱን መናገር አለብኝ። የአርት ስፒግልማን «ማውስ» እ.ኤ.አ. በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ያገኘ፣ የናዚን ጭፍጨፋ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። አይሁዶቹ አይጥ፣ ጀርመኖቹ ድመት ሆነው ተሥለዋል። ደራሲው ይህን ያደረገው ሰውን በዘር መመደብ ምን ያህል ዕብደት እንደሆነ ለማሳየት ነው፤ ለበሰለ አንባቢ ይገባዋል። ጎሳ ከጎሳ ተጋጭቶ ደም በፈሰሰበት፣ ቁስሉም ባልሻረበት ክልል ግን አንዱ ሕዝብ አይጥ፣ ሌላው ድመት ሆኖ የተሣለበት መጽሐፍ ያለ አስረጂ ልጆች እጅ ሲገባ የሚያመጣው ቀልድ ያስፈራኛል። ለመምህራን ክፍል አንድ ቅጂ ይበቃል። የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» ደግሞ ከምወዳቸው አንዱ ነው፤ የቴህራኗ ልጅ ግትርነት ድንቅ ነው። ግን ቀልዱም ቁጣውም ቃሉ ላይ ነው ያለው። ፊኛውን ስሸፍነው ብዙው ነገር አብሮ ይሸፈናል።

ልጃገረዶችን በሚመለከት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ወደ ካምፕ የሚላኩ መጻሕፍት ምክር የሚያበዙት ለሴት ልጅ ሲሆን ነው፤ አታግቢ፣ ታጠቢ፣ ተማሪ። ምክሩ አይጠላም። ዩኒሴፍ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለምሥራቅና ለደቡብ አፍሪካ ያዘጋጀው «ሳራ» ኮሚክ የዚህ ዓይነት ነበር፤ ዚንጎ የምትባል ጦጣዋ ባትኖር ግን ሳራን ማን ያስታውሳት ነበር? የብሩክታዊት ጥጋቡ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የአሻንጉሊት ፕሮግራም የምናውቀው፣ «ጥበብ ገርልስ» በሚል ርዕስ ልዩ ኃይል ያላቸውን ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች በአኒሜሽንም በኮሚክም አቅርቧል። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያነሣሉ፤ የወር አበባን በግልጽ ያነሣሉ። ይህኛው ምክሩን በጀብዱ ጠቅልሎ ስለሚያጎርስ ያለ ማመንታት ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል። የወር አበባን ጉዳይ በቃል ለማስረዳት የሚያፍር ወንድ መምህር መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መውጣት ይችላል። ወዳጄ እንዲህ አደረገ፤ መጽሐፉ ግን ጠረጴዛው ላይ አልተገኘም፤ ከእጅ እጅ ሲዞር ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጥጉ ተበልቶ ተመለሰ።

ይሁንና ልጃገረድ ከምክር ሌላ መሳቅም ያምራታል። የማርገሪት አቡዌና የክሌማን ኡብሬሪ «አያ» እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የወጣች፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አቢጃን፣ ዮፑጎን ሠፈር የሚሆነውን የምትተርክ ናት። ጦርነት የለ፣ ረሃብ የለ፤ ሐሜት፣ ጭፈራ፣ ፍቅርና የቤተሰብ ጣጣ ነው። አፍሪካዊ ወጣት በመጽሐፍ ውስጥ ሲታይ ካልተሰደደ ወይም ካልተራበ የማይታይ ለሚመስለው ሁሉ መልስ ናት። ለትልልቆቹ ትሰጥ፤ ያለ ጋብቻ ማርገዝን የመሰለ ነገር አለባት። ለትንንሾቹ ያችው ደራሲ ከማቲዩ ሳፓን ጋር የሠራቻት «አኪሲ» አለች። አኪሲ አስቸጋሪ ልጅ ናት፤ ሰው አትሰማም፤ ታሪኩ አጫጭር ነው፤ ከቃሉ ይልቅ ፊቷ ይናገራል። ከላክኋቸው ሁሉ መጀመሪያ የተቀደደው የእሷ መጽሐፍ ነው፤ እኔ ይህን እንደ ሽልማት እቆጥረዋለሁ።

ካርቶኑን ስሞላ ከላይ ያስቀመጥኩት ግን አንድም የተጻፈ ቃል የሌለበትን መጽሐፍ ነው። አውስትራሊያዊው ሾን ታን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው «ዘ አራይቫል» 128 ገጽ አለው፤ ሁሉም በእርሳስ የተሣለ፣ ቀለሙ እንደ ድሮ ፎቶግራፍ ቡናማ የሆነ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዘጠኝ ትንንሽ ሥዕሎች አሉ። ከዘጠኙ መካከል፦ ከወረቀት የታጠፈች ወፍ፣ ሰዓት፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ባርኔጣ፣ ድስት፣ ልጅ የሣለችው ሥዕል፣ የተሰነጠቀ ጀበና መሳይ የሻይ ማፍያ፣ የተከፈተ ሻንጣ፣ የቤተሰብ ፎቶ። ገጹን ሳትገልጡ አንድ ሰው ቤቱን ጥሎ ሊሄድ መሆኑን ታውቃላችሁ። በሚቀጥሉት ገጾች የከተማው ቤቶች ላይ የዘንዶ ጅራት የመሰለ ጥላ ይዞራል። ዘንዶው ምን እንደሆነ አይነገርም። ጦርነት ሊሆን ይችላል፤ ድህነት ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው የራሱን ዘንዶ ያስገባበታል።

የመጽሐፉ ታላቅ ብልሃት የሚታየው ሰውየው አዲሱ አገር ከደረሰ በኋላ ነው። ሾን ታን የአገሩን ፊደል ራሱ ፈጥሮታል። ሰሌዳው፣ ቅጹ፣ ጋዜጣው ሁሉ በማንም አገር በማይነበብ ጽሑፍ ተሞልቷል። እንስሳቱም እንግዳ ናቸው፤ ፍሬውም እንዴት እንደሚበላ አይታወቅም። ስለዚህ የሐርቫርዱ ፕሮፌሰርና ገና ትናንት ከፓጋግ ድንበር የገባው ልጅ መጽሐፉን ሲከፍቱ እኩል መሃይም ናቸው። ሰውየው መኝታ ሲፈልግ ቋንቋ ስለሌለው ደብተር አውጥቶ አልጋ ይሥላል፤ ሥዕሉን ለሰው ያሳያል፤ ይመራዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ኑዌሩ፣ አኙዋኩ፣ ኦፖውና ከደጋ የመጣው የነጋዴ ልጅ ይህንን ገጽ ከበው ሲያዩ ማንም ለማንም መተርጎም የለበትም። ወዳጄ በየተራ ተማሪ እያስነሣ አንድ አንድ ገጽ በቋንቋው እንዲተርክ አደረገ። ያው ገጽ ከልጅ ልጅ ሲለያይ ዋለ። የሾን ታን አባት ራሱ ከማሌዥያ ወደ አውስትራሊያ የተሰደደ ሰው ነው፤ ልጁ ከቤት የሰማውን ነው የሣለው።

መጽሐፍ መምረጥ አንድ ነገር፣ ማድረስ ሌላ ነው። አንድ ግራፊክ ኖቬል በውጭ አገር መሸጫው ከ12 እስከ 20 ዶላር ይደርሳል፤ የመላኪያው ሲጨመር የአንድ ሰው ኪስ የሚችለው አይደለም። ብዙ ወጣት አንባቢዎቻችን ኮሚክን የሚያውቁት በስልክ፣ በቴሌግራም ሲዞር፣ በዜንደር ሲተላለፍ ነው። ደራሲው ምንም እንደማያገኝበት አውቃለሁ፤ ልመርቀው አልችልም፤ ለመኮነንም አፍ አጣሁ። ኬንያውያን አንድ መንገድ አሳይተውናል። «ሹጃዝ» የተባለው ኮሚክ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በጋዜጣ ውስጥ ታጥፎ በነፃ ይታደል ነበር፤ ቋንቋው የናይሮቢ ወጣት የሚናገረው ሼንግ ነው፤ ዋና ባለታሪኩ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሆኖ በድብቅ ሬዲዮ የሚያሰራጭ ልጅ ነው። ሰው በሚናገረው ቋንቋ፣ ሰው በሚደርስበት ቦታ፣ ያለ ዋጋ። የእኛዎቹ ጋዜጦች አንድ ገጻቸውን ለእንዲህ ያለ ነገር ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል?

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ያንገበግበኛል። ኢታንግ በዓለም የልጆች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ አለች። በ1970ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ከሱዳን ጦርነት የሸሸውን ሕዝብ ያስጠለለችው ኢታንግ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነች። አሜሪካዊቷ ሊንዳ ሱ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር» ውስጥ ሳልቫ ዱት የተባለ፣ በእውን ያለ ሰው፣ በልጅነቱ በእግሩ ተጉዞ ኢታንግ ይገባል፤ ስድስት ዓመት ያህል ይኖርባታል፤ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ተባርሮ አዞ የሞላበትን የጊሎ ወንዝ ይሻገራል። መጽሐፉን ብዙ የአሜሪካ ተማሪዎች በክፍላቸው ያነቡታል። የኢታንግን ስም የሚያውቅ የኦሃዮ ልጅ አለ ማለት ነው። መጽሐፉ ግን ሥዕል የሌለው ንባብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ የኢታንግ ልጅ ከፍቶ የራሱን ወንዝ አያይበትም። ባሮን፣ የማንጎውን ጥላ፣ በክረምት ውሃው መንደሩን ሲከብ የሚሆነውን፣ ከብቶቹን ይዞ የሚወርደውን ጎረምሳ የሚሥል የአገሬው እጅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያሉት ሠዓሊዎች ጋምቤላ ወርደው አንድ ክረምት ቢቆዩና ከልጆቹ ጋር ቢሠሩ ከዚህ ዳሰሳ ሁሉ የበለጠ ይሆናል።

እስከዚያው መጽሐፍ መላክ ለምትፈልጉ የምለው አጭር ነው። ሽፋኑን በላስቲክ አልብሱት፤ የኢታንግ ክረምት ወረቀት አይምርም። ማንጋ ከላካችሁ ከየት እንደሚጀመር በቀስት አመልክቱ። ለማንበብ የደከማችሁበትን ሳይሆን ልጅ ሳላችሁ የቀደዳችሁትን ዓይነት ላኩ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው «ዘ አራይቫል»ን ይግዛ፤ ከቻለም ሁለት ቅጂ ያድርገው፣ አንዱ መቀደዱ አይቀርምና።